ስለ ቫከንና አካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቫከን የሚለውን ስም የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው በጥቁር ቲሸርት ላይ ተጽፎ ነው። በየዓመቱ ትልቅ የሄቪ ሜታል፣ ማለትም ጩኸት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ፣ ፌስቲቫል የሚካሄድባት የጀርመን መንደር ናት። ሄቪ ሜታል፣ ረጅም ጸጉር፣ ጭቃ፣ ቢራ። እኔን ግን ከሙዚቃው ይልቅ መንደሯ ትገርመኛለች። ላሞች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ደመወዝ የማይከፈለው ከንቲባ ያላት የገጠር ቦታ በየዓመቱ ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ትችለዋለች? ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቫከን የት ነው ያለችው?

በሰሜን ጀርመን፣ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን በሚባለው ፌደራል ግዛት፣ ሽታይንቡርግ በተባለው ወረዳ ውስጥ ናት። ከሃምቡርግ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የወረዳው ዋና ከተማ ኢትሰሆ ነው። የቫከን ነዋሪ ወደ 2,000 ሰው ይሆናል። መሬቱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ተራራ ለለመደ ሐበሻ መጀመሪያ ላይ ዓይን የሚያሳርፍበት ነገር ያጣል። ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ንፋሱም አያባራም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አስተዳደሩ ያለበት አጎራባች ቦታ ሼነፌልት ይባላል። ልክ እንዲሁ ሼነፌልት የሚባል ሌላ ከተማ ደግሞ ሃምቡርግ አጠገብ አለ። ስልካችሁ ላይ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ከተነሳችሁ ቀጠሮው አምልጧችሁ ሃምቡርግ ጫፍ ላይ ልትገኙ ትችላላችሁ። የፖስታ ቁጥሩን ጨምሩበት።

2,000 ሰው ያለበት መንደር 85,000 እንግዳ እንዴት ያስተናግዳል?

ባንድ ጊዜ አይደለም እዚህ የደረሰችው። ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ 1990 ነው። ቶማስ የንሰንና ሆልገር ሁብነር የተባሉ ሁለት የመንደሩ ልጆች ከአሸዋና ጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ መድረክ ሠሩ። ስድስት ባንዶች ተጫወቱ። የመጣው ሰው 800 ያህል ነበር፣ መግቢያውም 12 ማርክ። ዛሬ ቫከን ኦፕን ኤር በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የሄቪ ሜታል ፌስቲቫሎች አንዱ ነው። በ2024 የሙሉ ቀናቱ ትኬት 333 ዩሮ ነበር። የዚያ ዓመት ትኬት ለሽያጭ በወጣ በሰዓታት ውስጥ አልቋል።

ቦታው ከየት መጣ? ከገበሬው። ፌስቲቫሉ የሚሰፍርበት ከ200 ሄክታር በላይ መሬት በአብዛኛው የግጦሽ ሜዳና እርሻ ነው። ገበሬዎቹ ያከራዩታል። መሬቱ የቫከን ብቻም አይደለም፣ የጎረቤት መንደሮችም አሉበት። ስለዚህ አንዱ መንደር ብቻውን ወስኖ የሚያደርገው ነገር የለም። ከጎረቤት ጋር መስማማት ግድ ነው። ሣሩ የሚታጨድበት ቀን፣ ላሞቹ የሚዛወሩበት ሜዳ፣ ከበዓሉ በኋላ መሬቱ የሚጠገንበት መንገድ፣ ሁሉም በስምምነት ይያዛል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የቧንቧና የሽቦ ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ፣ መንገድ። በ2017 ከመሬት ሥር የቢራ ቧንቧ ጭምር ቀብረዋል። ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ነገሩ ግን የዋዛ አይደለም። ቢራ የጫኑ ከባድ መኪኖች እየተመላለሱ ሜዳውን ያርሱት ስለነበር ነው። መኪናው ከቀረ ሣሩ ይተርፋል፣ ሣሩ ከተረፈ ጭቃው ይቀንሳል። የገበሬ ሒሳብ ይሏል ይህ ነው።

ነዋሪው አይማረርም?

የሚማረር አይጠፋም። አንዳንዱ ያን ሳምንት ቤቱን ቆልፎ እረፍት ይወጣል። ብዙዎቹ ግን ተጠቃሚ ናቸው፣ እነሱም ይህን በደንብ ያውቃሉ።

ዋናው መንገድ ላይ የሚታየውን ልንገራችሁ። ቤቶቹ ከፊታቸው ሣርና አጥር አላቸው። በዚያ ሳምንት አጥሩ ጋ ጠረጴዛ ይወጣል። አንዷ ቡናና ዳቦ በእንቁላል ታቀርባለች። ቀጥሎ ያለው ቤት ቋሊማ ይጠብሳል። ሕፃናት በእጅ ጋሪ የእንግዶችን ዕቃና የቢራ ካርቶን እስከ ድንኳን ድረስ እየጎተቱ የኪስ ገንዘብ ይለቅማሉ። በየግቢው ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ባንዲራው ላይ የበሬ ራስ ቅል አለ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው የሚያልፈውን ጎረምሳ ሁሉ ሰላም ይላሉ። ጎረምሳው ፊቱን እንደ አጋንንት ቀብቶ "እንደምን አደሩ" ብሎ አጎንብሶ ያልፋል።

የሜታል አድናቂዎች ከመልካቸው ጋር ሲተያይ በጣም ጨዋ ሕዝብ ናቸው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የአካባቢው ፖሊስም በየዓመቱ ከሞላ ጎደል ሰላማዊ ነበር ይላል።

በ2023 ምን ሆኖ ነበር?

ዝናብ። ለቀናት አላባራም አለ፣ ሜዳው ማጥ ሆነ። መኪኖች መግባት ሲያቅታቸው አዘጋጆቹ መግቢያውን ዘጉ። ትኬት ከነበራቸው ወደ 85,000 ሰዎች ውስጥ ሁሉም አልገቡም፣ ብዙዎች ከመንገድ ተመለሱ። ከሌላ አህጉር በአውሮፕላን መጥቶ የተመለሰ ሁሉ ነበር።

ያኔ አገሩን ያተረፉት ትራክተሮች ናቸው። ገበሬው ገመድ ይዞ ይመጣል፣ ከመኪናው ሥር ያለውን መንጠቆ በእጁ ጭቃ ውስጥ ዳብሶ ያገኘዋል፣ ያስራል፣ ቀስ ብሎ ይጎትታል። ባለመኪናው መሪውን ይዞ ይጸልያል። አንዱ ሲወጣ ቀጣዩ። ትልቁ የመንደሩ ሀብት ቪአይፒ ድንኳኑ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል፤ ትራክተር ያለውና ሲጠሩት የሚመጣ ጎረቤት።

መንደሩን የሚያስተዳድረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነው።

ቫከን በሕግ ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ነው፤ ጀርመኖቹ ጌማይንደ ይሉታል። የመንደር ምክር ቤት አለው። ምክር ቤቱን ነዋሪው በየአምስት ዓመቱ ይመርጣል፣ የመጨረሻው ምርጫ ግንቦት 2023 ነበር። ከ16 ዓመት ጀምሮ ድምፅ ይሰጣል። ምክር ቤቱ ደግሞ ከመሃሉ ከንቲባውን ይመርጣል። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቦታ ከንቲባነት የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። የወጪ ማካካሻ ይሰጠዋል እንጂ ደመወዝተኛ አይደለም። ቀን የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ስብሰባ ይመራል።

ታዲያ መታወቂያው፣ ምዝገባው፣ ደብዳቤው ማን ጋ ነው? ሼነፌልት። ትንንሽ መንደሮች ተሰባስበው "አምት" የሚባል አንድ የጋራ ጽሕፈት ቤት ያቋቁማሉ። ደመወዝተኞቹ ሠራተኞች እዚያ ናቸው። የመንደሩ ምክር ቤት ይወስናል፣ አምቱ ያስፈጽማል። ከዚያ በላይ ያለው ጉዳይ፣ ለምሳሌ የመኖሪያ ፈቃድና የመኪና ሰሌዳ፣ ኢትሰሆ ላለው ወረዳ ነው። ስለዚህ ቫከን የሚኖር ሰው ለአንዱ ጉዳይ እዚህ፣ ለሌላው እዚያ ይሄዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

መንደሩ ገንዘብም አለው። የቤትና የመሬት ግብር እንዲሁም የንግድ ግብር ስንት በመቶ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ነዋሪው የሚጠይቅበት ሰዓትም በሕግ ተቀምጧል። ማንም ሰው ገብቶ "የእኛ መንገድ መብራት መቼ ነው የሚጠገነው?" ማለት ይችላል። ማን እንደመለሰለትና ምን እንደመለሰለት ደግሞ በማግስቱ ዳቦ ቤት ይወራል።

እንዲህ ትንንሽ መንደሮች ለምን አልተዋሐዱም?

በሌሎች የጀርመን ግዛቶች በ1960ዎቹና 70ዎቹ ብዙዎቹ ተጨፍልቀዋል። ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግን አብዛኞቹን ተወቻቸው። ግዛቱ ውስጥ ከ1,100 በላይ ማዘጋጃዎች አሉ። በዚሁ በሽታይንቡርግ ወረዳ ቪደንቦርሽተል የምትባል አለች። በአንድ ወቅት አምስት ነዋሪ ብቻ ይዛ በሕዝብ ብዛት የጀርመን ትንሿ ማዘጋጃ ተብላ ነበር። ከዚያ ቤቶች ታደሱ፣ ተከራይ ገባ፣ ማዕረጉም ሄደ። 70 ሰው ወይም ከዚያ በታች ባለባቸው ቦታዎች ምክር ቤት ጭራሽ አይመረጥም። ድምፅ መስጠት የሚችለው ሁሉ ተሰብስቦ ይወስናል።

አባካኝ ነው የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። እኔ ግን ስለ ሜዳቸው ራሳቸው ባይወስኑ ኖሮ ሁለት ጎረምሶች በ1990 ያንን ፈቃድ ያገኙ ነበር ብዬ አላምንም።

የውጭ ዜጋ በመንደር ምርጫ ድምፅ ይሰጣል?

የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከሆነ አዎ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው አይሰጥም። የሚገርመው፣ ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች የአካባቢ ምርጫን ለመክፈት ቀድመው ከሞከሩት ግዛቶች አንዱ ይኸው ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ነበር። ሕጉን በ1989 አወጣ። የፌደራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በጥቅምት 1990 ሻረው።

መውጫው ዜግነት መውሰድ ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ በመደበኛው ጊዜ አምስት ዓመት ኖሮ፣ ቋንቋና ሌሎቹን መስፈርቶች አሟልቶ ማመልከት ይቻላል። ጀርመን የድሮ ፓስፖርታችሁን መልሱ አትልም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ እሱን አስባችሁ ግቡበት።

እሳት ቢነሳ ማን ይመጣል?

ጎረቤት። በመላው ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ደመወዝተኛ የእሳት አደጋ ብርጌድ ያላቸው አራት ከተሞች ብቻ ናቸው፤ ኪል፣ ሉቤክ፣ ፍሌንስቡርግና ኖይሙንስተር። የቀረው በሙሉ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። አናጢው፣ መምህሯ፣ ገበሬው ጥሪው ሲመጣ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ፈቃደኛ ከጠፋ ሕጉ ነዋሪውን በግዴታ እስከ መመደብ ይሄዳል። ዙልት ደሴት ላይ ያለችው ሊስት እዚህ ደረጃ ደርሳለች።

የቫከን እሳት አደጋ ደግሞ የራሱ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ አለው። በየዓመቱ ፌስቲቫሉ ላይ ይጫወታል። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ጥሩንባና ትልልቅ ቀንድ ይዘው የድሮ ዘፈን ሲነፉ፣ ከፊታቸው ያለው ጥቁር ለባሽ ሕዝብ አብሮ ይዘላል። ከዋናዎቹ ባንዶች ይልቅ እነሱን ለማየት ቀድሞ የሚመጣ ሰው አለ።

ገጠር ለሚገባ ሐበሻ ምክሬ አንድ ነው፤ እሳት አደጋውን ተቀላቀሉ። ከቋንቋ ትምህርት ቤት በላይ ያስተምራል፣ ጓደኛም የሚገኘው እዚያው ነው።

ከፌስቲቫሉ ውጪ ሰዉ በምን ይተዳደራል?

ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ያለ የገጠር ኑሮ ነው። የወተት ላም፣ ለከብት መኖና ለባዮጋዝ የሚዘራ በቆሎ፣ የንፋስ ተርባይን። ትንንሽ ድርጅቶችና የእጅ ሙያተኞችም አሉ። ብዙ ሰው ግን በየቀኑ ወደ ኢትሰሆ ወይም እስከ ሃምቡርግ ድረስ ተመላልሶ ይሠራል። ሰላምታው ከጠዋት እስከ ማታ "ሞይን" ነው። አዛውንቶቹ እርስ በርስ የቆላ ጀርመንኛ ያወራሉ። ትምህርት ቤት የተማራችሁት ጀርመንኛ እዚያ ጋ ባይሠራ አትደንግጡ፣ የደቡብ ጀርመን ሰውም አይገባውም።

በአካባቢው ምን የሚታይ ነገር አለ?

ቫከን ያለችው አሸዋማና ከፍ ባለው መሬት ላይ ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ስትሉ ግን መሬቱ ይሰምጣል። ኖየንዶርፍ-ዛክሰንባንደ የተባለች መንደር ውስጥ የጀርመን ዝቅተኛ ቦታ አለ፤ ከባሕር ወለል በታች 3.54 ሜትር። ለዳናኪል ሰው ይህ ቀልድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ያለው ጨው ሳይሆን ለምለም ሣር መሆኑ ነው። ቦይ፣ ፓምፕና የአፈር ግድብ ባይኖር ውሃው ይውጠው ነበር።

ከመንደሯ በስተምዕራብ የሰሜን ባሕርንና የባልቲክ ባሕርን የሚያገናኘው ቦይ ያልፋል። ከብሩንስቡተል እስከ ኪል 100 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የተመረቀው በ1895፣ ከዓድዋ ድል ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። እኔ የምወደው ጀልባዎቹን ነው። ቦይው ሲቆፈር የሰዉን መንገድ ስለቆረጠ መኪና የሚያሻግሩት ጀልባዎች እስከ ዛሬ በነጻ ናቸው። ቁልቁል ትነዳላችሁ፣ ሞተር ታጠፋላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከፊታችሁ ኮንቴይነር የተቆለለባት ትልቅ መርከብ ከላሞቹ ጀርባ ብቅ ትላለች። ሜዳው ውኃውን ስለሚሸፍነው መርከቧ በሣር ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ልጆች ካሉ ከፌስቲቫል ይልቅ ወደዚህ ውሰዷቸው።

ኤልበ ወንዝ ዳር ብሮክዶርፍ አለች። በየካቲት 1981 እዚያ ሊሠራ የታሰበውን የኑክሌር ማመንጫ በመቃወም በብርድ 100,000 ያህል ሰው ወጣ። ማመንጫው ግን ተሠራ። ከቼርኖቢል አደጋ ጥቂት ወራት በኋላ በ1986 ሥራ ጀመረ፣ በ2021 መጨረሻ ደግሞ ተዘጋ። ከቫከን በፊትም ቢሆን ይህ ወረዳ በሜዳ ላይ ብዙ ሕዝብ አይቷል ለማለት ነው።

ያለ መኪና መድረስ ይቻላል?

ይቻላል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። መንደሯ የባቡር ጣቢያ የላትም። ከሃምቡርግ በክልል ባቡር ኢትሰሆ ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ዶይችላንድቲኬት፣ ማለትም በመላው ጀርመን ለክልል ባቡርና ለአውቶቡስ የሚሠራውን የወር ትኬት፣ የያዘ ሰው ተጨማሪ አይከፍልም። ችግሩ አውቶቡሱ ነው። ማታና እሑድ ይሳሳል። የመልሱን ሰዓት ሳታዩ አትሂዱ። በፌስቲቫሉ ሳምንት ግን ከኢትሰሆ ጣቢያ ልዩ አውቶቡሶች ይመላለሳሉ። ባለመኪና ደግሞ በA23 አውራ ጎዳና መጥቶ ሼነፌልት የሚለው ጋ ይወጣል። ይኼኛው ትክክለኛው ሼነፌልት ነው።

ጥገኝነት ጠይቄ እንዲህ ያለ መንደር ብመደብስ?

ያጋጥማል። በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ጠያቂው መጀመሪያ ኖይሙንስተር ባለው መቀበያ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ወረዳዎች ይከፋፈላል፣ ወረዳው ደግሞ ለአምቶቹ ያካፍላል። በመጨረሻ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት መንደር ቤት ትሰጣላችሁ። ተቀባይነት ካገኙም በኋላ ሕጉ እስከ ሦስት ዓመት በዚያው ግዛት እንዲቆዩ ያስገድዳል። በቂ ደመወዝ ያለው ሥራ ወይም የሙያ ሥልጠና ያገኘ ሰው ከዚህ ነጻ ሊሆን ይችላል። ሥራ ያገኘ ሰው ውሉን ይዞ የውጭ ዜጎች ቢሮን ይጠይቅ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ክረምት ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት (በፈረንጆች አራት ሰዓት) ይጨልማል፣ መንገድ ላይ ሰው የለም። ቤቱ ግን ከሃምቡርግ ይረክሳል፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ያገኛል። የገጠር ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከለመዳችሁ በኋላ ግን ሳይጠራ መጥቶ ዕቃ ያነሳላችኋል። ቅድሚያ የምትሰጡት ለመንጃ ፈቃዱ ይሁን፤ የኢትዮጵያው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከዚያ ፈተና አለ።

ሐበሻና የሐበሻ ነገር የት ይገኛል?

ሃምቡርግ። በርበሬው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እንጀራው እዚያ ነው፤ ቅዳሜ ሄዶ ለወሩ ይዞ መመለስ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ባጠናው ጀርመናዊ ምሁር በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለው። ግእዝ የሚያነቡ ፈረንጆች ከቫከን ሜዳ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ከአፍሪካ የመጣ ባንድ ቫከን ላይ ተጫውቶ ያውቃል?

አዎ። ከቦትስዋና ኦቨርትረስት የተባለው ባንድ በ2016 ተጫውቷል። ቦትስዋና ውስጥ ሜታል የሚወዱ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ቆዳ ለብሰው፣ የካውቦይ ባርኔጣ አድርገው ነው የሚወጡት።

ትኬት የለኝም፣ በፌስቲቫሉ ሳምንት መንደሯን ብቻ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ዋናው መንገድና ደጃፎቹ የመንደሩ ናቸው፣ ትኬት የሚጠየቀው የፌስቲቫሉ ክልል ጋ ስትደርሱ ነው። በጠዋት ሂዱ፣ ኢትሰሆ ላይ አውቶቡስ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ለእንቁላልና ዳቦው ሳንቲም ይሻላል። ቦት ጫማ አድርጉ፤ ፀሐይ ቢሆንም።